ከፋብሪካ የማይወጣው ቅባት

ካላክላ ከካርቱም መሀል በስተደቡብ፣ በነጭ አባይ ምሥራቃዊ ዳርቻ የተዘረጋ ሰፊ ሰፈር ነው። እዚያም ሆነ በሌሎች የካርቱም ጎዳናዎች ቡናና ሻይ የሚሸጡ ሴቶች፣ ከእነርሱም መካከል ብዙ የአገራችን ልጆች፣ ሱዳኖች «ባምበር» በሚሏት አጭር በርጩማ ላይ ተቀምጠው ይውላሉ። ደንበኛውም እንደዚያው ዝቅ ብሎ ፍንጃሉን ይቀበላል። ብድግ ሲል ሸክሙ የሚያርፈው ዳሌው ላይ ነው። በተራ እርምጃ እንኳ ዳሌ የሚሸከመው ጫና ከሰውየው ክብደት ከሁለት እጥፍ ይበልጣል።

ጤነኛ ዳሌ ይህን ሁሉ የሚችለው በጥቂት ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ነው። የመገጣጠሚያውን ከረጢት ከውስጥ የለበሰው ስስ ሽፋን ከደም ያጣራዋል፤ ሃያሉሮኒክ አሲድ ያወፍረዋል፤ ሉብሪሲን የተባለ ፕሮቲንም ያሟልጨዋል። አጋሩ ልም አጥንት ነው። እንደ ስፖንጅ ውኃ ይዞ፣ ሲጫኑት ጫናውን ለውኃው ያሸክማል።

በሱዳን ይህ መገጣጠሚያ በወጣትነት ሊበላሽ ይችላል። በኮርዶፋንና በዳርፉር የሚበዛው የሲክል ሴል በሽታ ቀይ የደም ሕዋሳትን ማጭድ ያስመስላቸዋል፤ ወደ ጭን አጥንት ራስ የሚሄዱትን ቀጫጭን የደም ሥሮች ሲዘጉ አጥንቱ ይሞታል። ሰው ሠራሽ ዳሌ የሚገባለት የሠላሳ ዓመት ወጣት ገና ብዙ ዓመት ይራመድበታል። ለእርሱ ትልቁ ጥያቄ ዳሌው ስንት ዓመት ይቆያል የሚለው ነው።

ተተኪው አካል ኳስና ስኒ ነው። መካኒክ ኩሽኔታ ሲገጥም ግራሶ ይቀባዋል፤ ቀዶ ሐኪም ግን ቅባት አይጨምርም። የተቆረጠው ከረጢት ሲድን አዲስ ፈሳሽ ያመነጫል። ይሁን እንጂ ሃያሉሮኒክ አሲዱ እንደ ቀድሞው አይሆንም፤ ውኃ የሚይዘው ስፖንጅም የለም።

እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ቻርንሊ ይህን የተረዳው በድምፅ ነበር። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የፕላስቲክ ኳስ የገባለት አንድ ሕመምተኛ ወደ ፊት ባጎነበሰ ቁጥር ዳሌው ይጮህ ነበር። ቻርንሊ የሰውነት ፈሳሽ ለሰው ሠራሽ ነገር እንደ ልም አጥንቱ እንደማያገለግል ተገንዝቦ፣ በራሱ የሚያሟልጭ ነገር ፍለጋ ገባ። በ1958 ቴፍሎን መረጠ፤ ቴፍሎኑ በጥቂት ዓመታት ተበላ። በኅዳር 1962 ወደ ፖሊኢትሊን ዞረ። የብረት ኳስና የፖሊኢትሊን ስኒ ዛሬም ይሠራባቸዋል።

መበላቱ የሚጎዳው ስኒው ስለሚሳሳ ብቻ አይደለም። የሚረግፈው ዱቄት አብዛኛው ከሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ያንሳል። ነጭ የደም ሕዋሳት ይውጡታል፤ መፍጨት ግን አይችሉም። በዚህ የተቀሰቀሰው ብግነት በዙሪያው ያለውን አጥንት ያስበላል፤ ዳሌውም ይላላል።

ፈሳሹ እዚህ ላይ ወሳኝ ነው። ስንራመድ በኳሱና በስኒው መካከል እየተሳበ ይገባል፤ ቆመን ስንቆይ ተጨምቆ ይወጣል። መነሻና መቆሚያ ላይ ገጾቹ ይነካካሉ፤ ያን ጊዜ የሚከላከለው ገጹ ላይ የተለጠፈው ስስ የፕሮቲን ሽፋን ነው። ስለዚህም ቤተ ሙከራዎች ዳሌን የሚፈትኑት በውኃ ሳይሆን በቀጠነ የጥጃ ሴረም ነው፤ በውኃ ከተፈተነ አበላሉ በሰው ውስጥ ከሚታየው ይለያል።

በፈሳሹ ላይ ከልክ በላይ መተማመንም ዋጋ አስከፍሏል። ኳሱ ሲተልቅ ብዙ ፈሳሽ ይስባል በሚል ተስፋ ብረት በብረት ላይ የሚዞሩ ዳሌዎች ተሠሩ። ስኒው አለቅጥ ቀጥ ብሎ ሲገጠም ግን ፈሳሹ ይሸሻል፤ ብረቱም ይፋቃል። ከእነዚህ አንዱ፣ ኤኤስአር የተባለው፣ በ2010 ከገበያ ተሰበሰበ። የሴራሚክ ዳሌም ፈሳሹ ሲጎድልበት ሊጮህ ይችላል፤ ቻርንሊ የሰማው ድምፅ ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ እንደገና ተሰማ።

ተስፋው ግን ትልቅ ነው። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በጨረር የጠነከረ ፖሊኢትሊን መበላቱን እጅግ ቀንሶታል። በ2019 ላንሴት ላይ የወጣ ጥናት፣ ከተገጠሙት ዳሌዎች 58 በመቶ ያህሉ 25 ዓመት እንደሚቆዩ አሳየ።

ይህን ያህል የሚቆይ ዳሌ ክትትል ይሻል፤ ክትትሉን ግን ጦርነት ሊያቋርጠው ይችላል። ካላክላ ውስጥ የቱርክ ሆስፒታል የሚባል ተቋም አለ። ጦርነቱ በሚያዝያ 2023 ከፈነዳ በኋላ ድንበር የለሽ ሐኪሞች እዚያ ሲሠሩ ቆይተው፣ በሐምሌ 2024 ለደኅንነት ሲሉ ወጡ። ሰውም ሰፈሩን ጥሎ ወደ ፖርት ሱዳን፣ ወደ ገዳሪፍ፣ በመተማ በኩልም ወደ እኛ ተሰደደ። ዳሌ የተገጠመለት ስደተኛ እንደ ባምበር ያለች ዝቅተኛ መቀመጫ ኳሱን ልታወልቅበት እንደምትችል ማወቅ አለበት። ከሁሉ በላይ ግን ዳሌው እንደተገጠመ የተነሣውን የመጀመሪያውን የራጅ ፎቶ ከፓስፖርቱ ጋር ይያዝ። መበላት ሲጀምር አያምም፤ የሚታወቀው ኳሱ ወደ ስኒው ምን ያህል እንደሰረገ ሁለት ፎቶ ጎን ለጎን አድርጎ በመለካት ነው። አዲሱን ፎቶ የትም ያነሡታል፤ የመጀመሪያውን ግን ከቤት የያዘው ብቻ ያገኘዋል።