ዕቃው የኪራዩ መያዣ አይደለም

ባለፈው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ አንዲት እህት ወደ ጎን ሳብ አድርጋኝ፣ "ተከራዬን ሸሪፍ አስወጣልኝ። ቴሌቪዥኑንና ሶፋውን ግን አልሰጠውም፤ የአምስት ወር ኪራይ አለበት" አለችኝ። "ሸጥሽው እንዴ?" ስላት "ነገ የሚያየው ሰው ይመጣል" አለች። መኪና ማቆሚያው ላይ ቆመን አንድ ሰዓት አወራን። ለእሷ የነገርኳትን እዚህም ልጻፈው አልኩ፤ እኔም ከዚሁ ስህተት ያመለጥኩት ለጥቂት ነው።

የምኖረው ካሊፎርኒያ፣ ሳን ሆዜ ነው። የምጽፈውም የካሊፎርኒያን ሕግ ነው። ጠበቃ አይደለሁም፤ በራሴ ቤት ደርሶብኝ፣ ቅጹን ራሴ ሞልቼ፣ ሕጉን ቁጭ ብዬ አንብቤ ነው ያወቅኩት።

ጋራዣችንን በፈቃድ አሳድሰን አንድ ክፍል ቤት አድርገነዋል። ያከራየሁት ለአንድ ያገራችን ልጅ ነበር፤ በወር 1,800 ዶላር፣ ዲፖዚቱም 1,800። ጨዋ ልጅ ነው። "እትዬ" ነበር የሚለኝ፤ እኔ ከሥራ ሳልገባ የቆሻሻ ቢኑን መንገድ ላይ አውጥቶልኝ ይጠብቀኝ ነበር። ምግብ በመኪና እያደረሰ ነበር የሚኖረው። መኪናው ተጋጨና ሥራው ቆመ። የመጀመሪያውን ወር መጥቶ ነገረኝ። ሁለተኛውን ዝም አለ። ሦስተኛው ላይ ሰላምታውንም ተወ፤ ማታ ማታ በጓሮ በር ሹልክ ብሎ ይገባል። ለምኜ፣ ሽማግሌም ልኬ፣ በመጨረሻ የሦስት ቀን ማስጠንቀቂያውን በሩ ላይ ለጠፍኩ፤ በፖስታም ላክሁለት። 240 ዶላር ከፍዬ ክስ መሠረትኩ። መልስ አልሰጠም። (ለክሱ መልስ የሚሰጥበት ጊዜ ከ2025 ጀምሮ 10 የሥራ ቀን ሆኗል፤ ድሮ 5 ነበር። ተከራዮችም ይህን ታነቡ እንደሆነ እባካችሁ ወረቀቱን ትራስ ስር አታስቀምጡት፤ መልስ ስጡ።) ፍርድ ቤቱ ቤቱን እንዲለቅና የአራት ወር ውዝፍ ኪራይ፣ 7,200 ዶላር፣ ከወጪው ጋር እንዲከፍል ወሰነ። ሸሪፍ የ5 ቀን ማስታወቂያ ለጠፈ። ቀኑ ደርሶ ሲመጡ ልጁ የለም። ቁልፍ ሠሪው የበሩን ቁልፍ ቀየረ፣ ወረቀት ላይ ፈረምኩ፣ ሸሪፉ ሄደ። ሁሉም ከሩብ ሰዓት አይበልጥም።

ከዚያ ብቻዬን ገባሁ።

አልጋው ተነጥፏል። ምድጃው ላይ ጀበና አለ፤ አተላው አልደረቀም። ግድግዳው ላይ ሦስት የተተኮሱ ሸሚዞች ተሰቅለዋል። ቴሌቪዥን፣ ላፕቶፕ፣ ማይክሮዌቭ፣ ሁለት ካርቶን መጽሐፍ። አልጋው ስር በገመድ ጥብቅ ተደርጎ የታሰረ ጥቁር ሻንጣ፤ ከቦሌ ሲነሳ የተለጠፈበት ወረቀት እጀታው ላይ እንዳለ ነው። ትራሱ አጠገብ ደግሞ የእናቱ ፎቶ።

የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ማታ መጥተው አዩትና "በይ ዕቃውን ያዢበት። ገንዘቡን ይዞ ሲመጣ ይወስዳል፤ ካልመጣ ሽጪው" አሉኝ። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። ያደግንበት ነው። ሰፈራችን ኪራይ ያጎደለ ሰው በሩ ላይ ሌላ ቁልፍ ይደረብበታል፤ ዕቃው ሲያዝ ይደነግጥና ከዘመድ ተበድሮ ያመጣል። እናቴ የሁለት ወር ኪራይ ጎድሎባት አከራያችን የብረት አልጋችንን ይዘውባታል። እኔና ወንድሞቼ ክረምቱን ሰሌን ላይ ተኝተን ነው ያሳለፍነው። ስለዚህ ጋሼ "ያዢበት" ሲሉኝ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ ሕግ አልነበረም፤ ያ ሰሌን ነው።

ሕጉን የከፈትኩት ግን በዚያው ሌሊት ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ተከራይ ጥሎት የሄደው ዕቃና የቀረበት ኪራይ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ አንዱን የሌላው መያዣ ማድረግ አይቻልም። አከራይ ዕቃውን "ኪራዬን ካልከፈልክ አልሰጥም" ማለት አይችልም። ዕቃውን ሲመልስ ሊጠይቅ የሚችለው ያቆየበትን ተመጣጣኝ የማስቀመጫ ዋጋ ብቻ ነው። ልጁ 7,200 ዶላር ቢኖርበትም፣ ሻንጣውን ፈልጎ ቢመጣና የማስቀመጫውን ከፍሎ "ስጪኝ" ቢል እሰጠዋለሁ።

ሸሪፍ ካስወጣው ቀን ጀምሮ ዕቃውን 15 ቀን ማቆየት ግዴታ ነው። እዚያው ቤት ውስጥ ልታስቀምጡት ትችላላችሁ፤ ወደ ሌላ ደህና ቦታ ብታዛውሩትም ይቻላል። በጥንቃቄ መያዝ ግን አለበት። ዝናብ ላይ አውጥታችሁ ቢበላሽ ተጠያቂዎቹ እናንተ ናችሁ። እኔ የክፍሉን አንድ ጥግ ለቅቄ፣ ከወለሉ ከፍ እንዲል ጣውላ አንጥፌ ደረደርኩት። የማስቀመጫ ዋጋ ስትጠይቁም ዕቃው የያዘውን ቦታ ያህል ነው እንጂ የሙሉ ቤቱን ኪራይ አይደለም። እኔ አልጠየቅኩትም፤ መብቴ ግን ነበር።

ከመንካቴ በፊት ሁሉንም ፎቶ አነሳሁ፤ በሩን ከፍቼ የገባሁበትንም በቪዲዮ ቀረጽኩ። ከዚያ ዝርዝር ጻፍኩ። ሻንጣው ላይ ስደርስ እጄን ሰበሰብኩ። ውስጡ ምን እንዳለ ሳላውቅ እንዴት ልመዝግበው? ሕጉ ለዚህ ጥሩ መልስ አለው፦ ለተከራዩ በሚላከው ማስታወቂያ ላይ የተቆለፈ ወይም የታሰረ ሻንጣና ሣጥን ሳይከፈት እንዳለ ሊገለጽ ይችላል። እኔም "በገመድ የታሰረ ጥቁር ሻንጣ፣ አንድ" ብዬ ጻፍኩና ገመዱን አልፈታሁም። በኋላ ልጁ ሲነግረኝ የጥገኝነት ጉዳዩ ወረቀቶች በሙሉ እዚያ ውስጥ ነበሩ። ወገኖቼ፣ ስደተኛ ተከራይ ያላችሁ ይህን አስቡት። ለእናንተ ተራ ወረቀት የሚመስለው ለእሱ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ የፍርድ ቤት ቀጠሮው፣ ሌላ ቅጂ የሌለው የልደት ካርዱ ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ ያለው የ700 ዶላር ጉዳይ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። 15 ቀኑ አልፎ ዕቃው ካልተጠየቀ፣ ጠቅላላ ዋጋው ከ700 ዶላር በታች ነው ብላችሁ በቅን ልቦና ካመናችሁ ልትይዙት፣ ልትሸጡት ወይም ልትጥሉት ትችላላችሁ። ዋጋ የሚባለው ዛሬ ቢሸጥ የሚያወጣው ነው፤ በአዲስነቱ የተገዛበት አይደለም። 700 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ግን በሐራጅ ብቻ ነው የሚሸጠው። ሐራጁ በጋዜጣ በሳምንት አንድ ጊዜ ለሁለት ተከታታይ ሳምንታት ይታወጃል፤ የመጨረሻው ማስታወቂያ ከሽያጩ ቢያንስ 5 ቀን መቅደም አለበት። አከራዩም ተከራዩም መጫረት ይችላሉ።

ከሐራጁ የተገኘውስ ገንዘብ? ጋሼን ያስገረማቸው ይህ ነው። ከሽያጩ ላይ አከራዩ የሚቀንሰው የማስቀመጫውን፣ የማስታወቂያውንና የሐራጁን ወጪ ነው። የተረፈውን ተከራዩ ካልወሰደው አከራዩ በ30 ቀን ውስጥ ለካውንቲው ግምጃ ቤት ያስገባል፤ ተከራዩም አንድ ዓመት የመጠየቂያ ጊዜ አለው። ለውዝፍ ኪራይ ብሎ ማስቀረት የለም። "ታዲያ ምን ለፋሽ?" አሉኝ ጋሼ። እኔም የገባኝ ያኔ ነው፦ ሐራጁ ቤቱን ለማስለቀቅ እንጂ ዕዳውን ለመሰብሰብ የተሠራ አይደለም።

ላፕቶፑን፣ ቴሌቪዥኑንና ማይክሮዌቩን ያገለገሉ ዕቃዎች ከሚሸጡበት ዋጋ ጋር አስተያየሁና 850 ዶላር ግድም መጣልኝ። ጋሼ "ሁሉም አሮጌ ነው፣ 600 በይና ገላግይው" አሉኝ። አላልኩም። የገመትኩበትን ዋጋ ከነፎቶው ፋይል ውስጥ አስገባሁት።

ያለ ፍርድ ቤት ቁልፍ ስለመቀየርም አንድ ነገር ልበል። ተከራዩ ገና ቤቱ ውስጥ እያለ በሩን መቆለፍ፣ ውኃና መብራት መቁረጥ፣ ዕቃውን ማውጣት ክልክል ነው። ቅጣቱ በቀን እስከ 100 ዶላር ነው፤ ለእያንዳንዱ ድርጊት ከ250 አያንስም። 12 ቀን በር የቆለፈ ሰው 1,200 ዶላር ሊከፍል ይችላል ማለት ነው፤ ተከራዩ የደረሰበት ጉዳትና የጠበቃው ወጪ ሳይቆጠር። ኪራይ ሊቀበል የሄደ ሰው ከፋይ ሆኖ ይመለሳል።

ተከራዩ ሳይከሰስ ዝም ብሎ ቢጠፋስ? ኪራዩ 14 ቀን ካለፈና ሰውዬው ጥሎ እንደሄደ የሚያሳምን ምልክት ካለ፣ "ቤቱን ትተኸዋል ብዬ አምናለሁ" የሚል ማስታወቂያ ይላክለታል። በእጅ ከተሰጠ 15 ቀን፣ በፖስታ ከተላከ 18 ቀን ይጠበቃል። ዕቃውም እንደዚሁ የራሱ ማስታወቂያ አለው፤ ቀኖቹ ተመሳሳይ ናቸው። ሁለቱን ባንድ ቀን መላክ ይቻላል።

ከካሊፎርኒያ ውጭ ያላችሁ ደግሞ እባካችሁ ይህን እንዳለ አትውሰዱት። ዲሲ ውስጥ ከማስለቀቁ በኋላ ዕቃው እዚያው ቤት ውስጥ 7 ቀን ይቆያል፤ እሁድና የፌዴራል በዓላት አይቆጠሩም፤ አከራዩም የማስቀመጫ ዋጋ አይጠይቅም። ድልድዩን ተሻግራችሁ ቨርጂኒያ ስትገቡ ተከራዩ ያለው 24 ሰዓት ነው። እህቴ አሌክሳንድሪያ፣ እኔ ሳን ሆዜ፤ በስልክ ስንመካከር አንዳችን ሌላችንን ልናሳስት ነበር።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። ዕቃው መያዣ አይደለም ማለት ኪራዩ ቀረ ማለት አይደለም። መጀመሪያ ዲፖዚቱ አለ፤ ለውዝፍ ኪራይ ሊውል ይችላል። ቤቱ በተለቀቀ በ21 ቀን ውስጥ ግን ምን ላይ እንደዋለ ዝርዝሩን ጽፋችሁ ለተከራዩ መላክ አለባችሁ። አድራሻውን አላውቅም ብላችሁ አትተዉት፤ ወደሚታወቀው የመጨረሻ አድራሻ ላኩ። እኔ 1,800ውን ቀነስኩና የፍርድ ቤቱን ወጪ ትቼለት 5,400 ቀረ። ማስለቀቂያ ክስ ላይ ገንዘብ ያልተፈረደላችሁ ደግሞ ስሞል ክሌምስ የሚባለው የአነስተኛ ገንዘብ ክሶች ችሎት አለላችሁ። ግለሰብ እስከ 12,500 ዶላር ይጠይቅበታል፤ ማስከፈቻው እንደ ገንዘቡ መጠን ከ30 እስከ 75 ዶላር ነው፤ ችሎቱ ላይ ጠበቃ አይቆምም። ውላችሁ የጽሑፍ ከሆነ 4 ዓመት፣ የቃል ከሆነ 2 ዓመት አላችሁ። "በቃል ተስማምተናል፣ ያገሬ ልጅ ነው" የምትሉ ልዩነቱን እዩት።

ፍርዱ ከተገኘ በኋላ 10 ዓመት ይቆያል፤ ከማለቁ በፊት ማሳደስም ይቻላል። ሰውዬው ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ፣ ገንዘብ ሲኖረው ከባንክ ሂሳቡ በሸሪፍ በኩል ማስፈጸም ይቻላል። የቤት ዕቃው ላይ ግን እዚያም ብዙ አትደርሱም፤ ለዕለት ኑሮ የሚያስፈልግ አልጋና ወንበር ከዕዳ የተጠበቀ ነው።

ልጁ የደወለው በ11ኛው ቀን ነው። "እትዬ፣ ዕቃዬን ጣሉት?" አለኝ። ድምፁ ደክሞ ነበር። "ሁሉም አለ፤ ነገ ከአሥር ሰዓት በኋላ ና" አልኩት። ከጓደኛው ጋር ፒክአፕ ይዘው መጡ። ዝርዝሩን አንድ በአንድ እያነበብኩለት ተቀበለና ፈረመ። ሻንጣውን ሲያገኝ ገመዱን በጣቱ ዳሰሰው፤ እኔም "አልነካሁትም" አልኩት። ጀበናውን አጥቤ በፎጣ ጠቅልዬው ነበር።

ስለ ዕዳው ያወራነው መኪናው ላይ ተጭኖ ካለቀ በኋላ ነው። ሆን ብዬ ነው፤ ዕቃውን ይዤ የማስፈራራው እንዳይመስለው። በወር 150 ዶላር ለ36 ወር ተስማምተን በጽሑፍ ተፈራረምን። እስካሁን ዘጠኝ ጊዜ በዜል ልኮልኛል፤ አንዴ ብቻ አራት ቀን ዘግይቶ ነበር፣ አስቀድሞም ነግሮኛል። የቀረው 4,050 ዶላር ነው። ከፍሎ ሲጨርስ ለፍርድ ቤቱ "ተከፍሎኛል" ብዬ የማስታወቅ ግዴታው የእኔ ነው፤ ቅጹ ኢጄ-100 ይባላል። ከአሁኑ አትሜ ከዝርዝሩና ከፎቶዎቹ ጋር አንድ ፋይል ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።