ኮላውን ከመክፈትህ በፊት

ከጉለሌ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት እሑድ ጠዋት የሚመላለስ ሰው ከአንዳንዱ ግቢ የመጋዝና የመላጊያ ድምፅ ይሰማል። በቆርቆሮ ጥላ ሥር ተማሪው የመጻሕፍት መደርደሪያውን፣ ወጣቱ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛም የምግብ ጠረጴዛውን በገዛ እጁ ሊሠራ ይሞክራል። ሙከራው የሚያስመሰግን ነው፤ ነገር ግን ጠረጴዛው ዓመት ሳይሞላው በመጋጠሚያው ላይ ሲሰነጠቅ እንጨቱ ወይም ኮላው ይታማል። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የሁለቱም አይደለም፤ ኮላው ተቀብቶ እስኪይዝ ድረስ ባለችው አጭር ጊዜ ውስጥ የተሠራ ነው።

የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣ በመሆኑ ኮላ አያሻውም። እንዲህ ያለ ግንድ ግን ዛሬ እንደ ልብ አይገኝም፤ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ዋንዛን፣ ዝግባን፣ ጽድንና ኮሶን ከተፈጥሮ ደን መቁረጥን ከልክሎ ነበር። ስለዚህ የቤት ውስጥ አናጢ ጠባብ ጣውላዎችን ጎን ለጎን እያጣበቀ ሰፊ ገበታ ማውጣት ግዴታው ነው። ጥበቡ አዲስ አይደለም፤ ግብፃውያን ከ3,000 ዓመት በፊት ከእንስሳ ቆዳ በተቀቀለ ኮላ የንጉሥ ዕቃ ይሠሩ ነበር።

በየሱቁ የሚሸጠው ነጭ ኮላ የሚጠነክረው ውስጡ ያለው ውሃ ወደ እንጨቱ ሲሰርግና ሲተን ነው። እስከዚያው ሁለቱ ጠርዞች ሳይነቃነቁ ተጣብቀው ይቆዩ ዘንድ የሚይዛቸው ያስፈልጋል። የብረት ሞርሳ ለዚህ የተሠራ ነው፤ ይሁንና አንድ ሜትር ለሚሆን ገበታ አራት ወይም አምስት ሞርሳ መግዛት ለወር ደመወዝተኛ ቀላል አይደለም። ደግነቱ ሽብልቅም ይበቃል። በሥራ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሞራሌ ትይዩ አድርጎ በሚስማር መምታት፤ በመካከላቸው ያለው ስፋት ከጣውላዎቹ ድምር በሦስት ጣት ይብለጥ። ጣውላዎቹ ከገቡ በኋላ በቀረው ክፍተት ቀጫጭን ጫፋቸው የተቃረነ ጥንድ ጥንድ ሽብልቅ እያስገቡ በመዶሻ በቀስታ ማጥበቅ ነው። ጣውላው ወደ ላይ እንዳይጎብጥ ከበላዩ ሌላ ሞራሌ አጋድሞ ውሃ የተሞላ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን መጫን ይጠቅማል፤ 20 ኪሎ ያህል ይመዝናልና። ከሥሩም ከላዩም ላስቲክ ካልተነጠፈ ግን ገበታው ከሥራ ጠረጴዛው ጋር አብሮ ይጣበቃል!

ኀይል ማብዛትም ጉዳት አለው፤ ኮላው ተጨምቆ ያልቅና መጋጠሚያው ደረቅ ይቀራል። በመስመሩ ላይ እንደ ጤዛ ነጠብጣብ ከታየ በቂ ነው። በመላጊያ ያልተስተካከለውን ጠርዝ በጉልበት አገጥማለሁ ማለትም ከንቱ ነው፤ እንጨቱ አንድ ቀን ወደ ጠባዩ ይመለሳል።

ይህን የሚጽፈው ሰው ከአያቱ አልጋ በተረፈ የዋንዛ ጣውላ ጠረጴዛ ሊሠራ አንድ የታኅሣሥ ማታ ኮላውን ከቀባ በኋላ ሽብልቅ አለመቁረጡ ትዝ አለው። መጋዝ ፍለጋ ሲሮጥ 10 ደቂቃ አለፈ፤ ኮላውም ቆዳ አወጣ። እንዲያም ሆኖ አጥብቆ በጥላው ሥር አሳደረው። ጠዋት መጋጠሚያው እንደ ጠመኔ ነጥቶ በእጅ ተላቀቀ። የጉለሌ ዳገት ሌሊት ይበርዳል፤ ብዙው ነጭ ኮላ ደግሞ ከ10 ዲግሪ በታች በወጉ አይይዝም። ኮላው ተልጎ፣ ጣውላው በፀሐይ ሞቆ፣ በማግስቱ እኩለ ቀን ሥራው እንደገና ተጀመረ፤ ጠረጴዛው ግን ከታሰበው በአንድ ጣት ጠበበ።

ከዚያ ወዲህ ሥራው ሁሉ በመጀመሪያ ያለ ኮላ ይገጠማል፤ ሽብልቁ፣ መዶሻው፣ ላስቲኩና እርጥብ ጨርቁ በእጅ ሥር መኖራቸው ይታያል። ከገበታው ጋር አብረው ሁለት ቁርጥራጮች ይጣበቃሉ፤ በማግስቱም በመዶሻ ይሰበራሉ። እንጨቱ ራሱ ከተሰነጠቀ ኮላው ይዟል፤ በመስመሩ ላይ ከተላቀቀ ግን ገበታው እግር ሳይገጠምለት ተመልሶ ይላጋል።