ግራናይትን ያለሰለሰው አሸዋ

በጊዛ ትልቁ ፒራሚድ ውስጥ ክዳኑ የጠፋ የቀይ ግራናይት ሣጥን አለ። ለፈርዖን ኩፉ መቀበሪያ የተሠራ ነው፤ ዕድሜው 4,500 ዓመት ገደማ ይሆናል። እንግሊዛዊው አርኪዮሎጂስት ፍሊንደርስ ፔትሪ በ1880ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ሣጥኑን ጥግ በጥግ ሲለካ የሠራተኞቹን ስሕተት አገኘ። በሰሜን በኩል መጋዙ ከልክ በላይ ጠልቆ ገብቷል፤ አውጥተው እንደገና ቢጀምሩም ዳግመኛ ሳተባቸው። በውስጠኛው ግድግዳ ደግሞ መሰርሰሪያው ወደ ጎን ዘምሞ የበላው ቦታ ይታያል። ጠባሳውን ለማጥፋት ዙሪያውን 2.5 ሚሊ ሜትር ያህል ፈትገው አነሡለት፤ አልጠፋም። በዚያ ሣጥን ላይ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ጠባሳ ነው፤ በሚገባ የለሰለሰ ድንጋይ አሠራሩን ይደብቃል፣ ይህ ግን የሠራተኛውን እጅ ያሳያል።

በኩፉ ዘመን ብረት ለግብፅ ሠራተኞች መሣሪያነት ገና አልደረሰም፤ በእጃቸው የነበረው መዳብ ነው። የማዕድን ጥንካሬ ከ1 እስከ 10 በሚመዘንበት በሞስ መለኪያ መዳብ 3 አካባቢ ነው፤ ግራናይት ውስጥ ያለው ኳርትዝ 7 ነው። ታዲያ ለስላሳው ጠንካራውን እንዴት ቆረጠው? ፔትሪ በመጋዙ ላይ የከበሩ ድንጋዮች ተተክለው ነበር ብሎ ገመተ። ኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ግን ወደ ቀላሉ መልስ አዘነበሉ፦ አሸዋ። አብዛኛው የበረሃ አሸዋ ራሱ ኳርትዝ ነው። ጥርስ የሌለው የመዳብ ዝርግ በድንጋዩ ላይ ይቀመጣል፣ አሸዋ ይነሰነስበታል፣ ሠራተኞቹ ከወዲያና ከወዲህ ይገፉታል፣ ይስቡታል። የመዳቡ ድርሻ አሸዋውን ተጭኖ ማንከባለል ብቻ ነው፤ ድንጋዩን የሚበላው ቅንጣቱ ነው። መዳቡም አብሮ ያልቃል። እንግሊዛዊው ዴኒስ ስቶክስ የጥንቱን መሣሪያ አስመስሎ ሠርቶ በአስዋን ግራናይት ላይ በመሞከር ዘዴው እንደሚሠራ አሳይቷል። ጉድጓድ ሲሆን በዝርጉ ፋንታ የመዳብ ቱቦ ይሽከረከራል።

ማለስለሱ ሌላ ትዕግሥት ይጠይቃል። ግራናይቱ አስቀድሞ በክብ የዶለራይት ድንጋይ ተቀጥቅጦ መልክ ይይዛል። አስዋን ላይ ተሰንጥቆ ሳይጠናቀቅ የቀረው፣ 42 ሜትር ገደማ የሚረዝመው ሐውልት ዙሪያ የምቱ ጎድጓዳ ረድፍ እስከ ዛሬ ይታያል። ከዚያ ፍተጋው ይጀመራል፤ መጀመሪያ በሻካራ አሸዋ፣ ቀጥሎ በደቃቁ፣ ኋላም ይበልጥ በላመው። እያንዳንዱ ዙር የቀደመው የተወውን ጭረት ያጠፋል፣ በፋንታው ያነሰ ጭረት ይተዋል። አንዱን ዙር የዘለለ ሰው መጨረሻ ላይ ብርሃን ሲያርፍበት ይጋለጣል። የዛሬ አናጺ ከሻካራው ብርጭቆ ወረቀት ተነሥቶ ወደ ለስላሳው የሚሄደው በዚሁ ምክንያት ነው። በቴብስ የሚገኘው የሹሙ የሬክሚሬ መቃብር፣ በ15ኛው መቶ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት የተሣለ፣ ሠራተኞች በግዙፍ ምስል ዙሪያ መወጣጫ ላይ ቆመው ድንጋዩን ሲያለሰልሱ ያሳያል።

በ79 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የሞተው ሮማዊ ጸሐፊ ፕሊኒ ምስጢሩን በሚገባ ያውቀው ነበር። እብነበረድን የሚቆርጠው ብረቱ ቢመስልም አሸዋው መሆኑን ጽፏል፤ አሸዋዎቹንም ሲያወዳድር ከሁሉ የተሻለው ከኢትዮጵያ የሚመጣው ነው ይላል፤ የሕንዱን ከእርሱ በታች ያደርገዋል። በዚያ ዘመን ጸሐፊዎች ዘንድ ኢትዮጵያ ከግብፅ በስተደቡብ ያለው ሰፊ ምድር ሁሉ ስለሆነች፣ አሸዋው ከዛሬዋ አገራችን ሄደ ማለት አይቻልም። ፕሊኒ ያገኘውን አሸዋ ሁሉ በሚጠቀም ሠራተኛም ያዝናል፤ ሻካራው አሸዋ ክፍተቱን ያሰፋል፣ እብነበረዱን ይጨርሳል፣ ለአለስላሹም ሥራ ያበዛበታል። ይህ የዕቃ ጥራት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የአንዱ ቸልተኝነት በሌላው ሠራተኛ ክንድ ላይ እንደሚወድቅ አይቷል።

በ1870 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካዊው ቤንጃሚን ቲልማን አሸዋን በእንፋሎትና በአየር ግፊት የሚረጭ ማሽን የፈጠራ መብት አገኘ፤ መጋዙ ቀርቶ ቅንጣቱ ብቻውን ተወረወረ። ሥራው ፈጠነ፣ አቧራውም በረታ። የኳርትዝ ብናኝ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ሲሊኮሲስ የተባለውን የማይድን በሽታ ያመጣል። ብሪታኒያ በ1949 (እ.ኤ.አ.) ቀልጠው የተሠሩ የብረት ዕቃዎችን በአሸዋ መርጨትን በሕግ ከለከለች፤ ዛሬ በብዙ ቦታ በአሸዋው ፋንታ የብረት ፍርፋሪ ወይም አሉሚኒየም ኦክሳይድ ይረጫል።