የበረራ አስተናጋጆች የሥራ ሰዓት

የበረራ አስተናጋጅ ሥራ የሚጀምረው አውሮፕላኑ ሲነሳ ሳይሆን ለሥራ ሪፖርት ከተደረገበት ደቂቃ አንሥቶ ነው። ለምሳሌ ከአዲስ አበባ ሐርጌሳ 580 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ በረራው ከአንድ ሰዓት ብዙም አይዘልም። አስተናጋጆቹ ግን መንገደኛው ከመሳፈሩ በፊት ስለ በረራው ገለጻ ይሰማሉ፤ የእሳት ማጥፊያውን፣ የኦክስጅኑን ጠርሙስና የመውጫ በሮቹን ይፈትሻሉ። የሐርጌሳው ኤጋል አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርሱም አንዱን መንገደኛ ሸኝተው ሌላውን ይቀበላሉ፤ ወዲያው ይመለሳሉ። በዚህ ደርሶ መልስ በአየር ላይ የሚያልፈው ከሁለት እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን የሥራ ሰዓቱ ግን የዚያ እጥፍ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ በሙያው ሁለት ቆጠራ አለ፤ የበረራ ሰዓትና የሥራ ሰዓት። በኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። በረራ ግን በቀን ስምንት ሰዓት ተቆርጦ አይሰጥም። በመሆኑም የአቪዬሽን ሕግ ለሳምንት፣ ለወርና ለዓመት የተደራረበ ጣሪያ ያስቀምጣል። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ የሥራ ሰዓት በ7 ተከታታይ ቀናት ከ60፣ በ28 ቀናት ከ190 አይበልጥም፤ የበረራ ሰዓት ደግሞ በዓመት ከ900 አያልፍም። አሜሪካ በ2022 እ.ኤ.አ. በሥራ ፈረቃዎች መካከል ለአስተናጋጆች የሚሰጠውን ዝቅተኛ ዕረፍት ከ9 ወደ 10 ሰዓት አሳድጋለች።

የሥራ ድልድሉ ብዙውን ጊዜ በወር ይወጣል። በውስጡ በረራ፣ ዕረፍት፣ ሥልጠናና የተጠባባቂነት ቀን ይገኛል። ተጠባባቂ ማለት ባልደረባ ሲታመም ወይም በረራ ሲጨመር ተጠርቶ የሚተካ ነው፤ ቤቱ ቢሆንም ቀኑ የራሱ አይደለም። ርቀቱ ሲረዝም ቡድኑ በመድረሻው ከተማ ሆቴል ያድራል።

የአዲስ አበባ ድልድል የሚቀረጸው በመንገደኛ መገናኛነቷ ነው። ብዙዎቹ የአውሮፓና የእስያ በረራዎች ሌሊት ይነሳሉ፤ ንጋት ላይ የገባው መንገደኛ ደግሞ ጠዋት ወደ አፍሪካ ከተሞች ይበተናል። በሐርጌሳ ከማሕሙድ ሃይቤ ወረዳ ተነስቶ ዘመድ ጥየቃ ባሕር ማዶ የሚሻገር ሰው የሚያልፍበት የአዲስ አበባ መተላለፊያ፣ አስተናጋጆች ሌሎች በሚተኙበት ሰዓት የሚሠሩበት ነው።

የሰዓት አቆጣጠሩ ራሱ ትኩረት ይጠይቃል። አቪዬሽን የሚሠራው በዓለም አቀፉ የጋራ ሰዓት ነው፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት ሲሆን የጋራው ሰዓት 4 ይላል።

ከሁሉም የሚከብደው የሌሊት ሥራና የሰዓት ቀጠና መለዋወጥ ነው። ሰውነት የራሱ የቀንና ሌሊት ምት ስላለው ቀን መተኛት የሌሊቱን እንቅልፍ ሙሉ በሙሉ አይተካም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋምም የሌሊት ሥራን ካንሰር የማምጣት ዕድል ካላቸው ነገሮች መድቦታል። በረጅም በረራ አስተናጋጆች ተራ በተራ ጋደም የሚሉባቸው አልጋዎች በአንዳንድ ትላልቅ አውሮፕላኖች ውስጥ የተሠሩት የእንቅልፍ እጦቱን ለማቃለል ነው።

ዕረፍቱ የሠራተኛው ብቻ ጥቅም አይደለም። የመንገደኛ አውሮፕላን ፈቃድ ለማግኘት፣ ከመውጫዎቹ ግማሹ ተዘግቶም ሙሉ መንገደኛ በ90 ሴኮንድ መውጣት እንደሚችል መረጋገጥ አለበት። በዚያች ደቂቃ ተኩል በሩን የሚከፍተውና ሰውን የሚመራው አስተናጋጁ ነው፤ ንቁ ሆኖ እንዲገኝ የሚያደርገውም ያገኘው እንቅልፍ ነው።