የእናቴ ንቅሳትና ሁለቱ ሌንሶች

ጭንቅላቱን ጥቁር ጨርቅ ውስጥ ከትቶ «እንዳትንቀሳቀሱ!» የሚለውን ፎቶ አንሺ የምታስታውሱ አያቶች ትኖራላችሁ። እኔ ዛሬም የምሠራው በዚያ ዓይነት ካሜራ ነው። እንደ አንጥረኛ ወናፍ የሚለጠጥ ሆድ አለው፤ በአንድ ጊዜ የሚይዘውም 4 በ5 ኢንች የሆነ አንድ ፊልም ብቻ ነው።

ባለፈው ጥር ዳባት የሄድኩት እናቴን ላነሳ ነበር። ሰማንያ ዓመት አልፏታል፤ ለልጅ ልጆቿ የሚቀር ደህና ፎቶ ግን የላትም። ሁለት ሌንሶች ይዣለሁ፤ አንዱ ከእሷ ዕድሜ የሚበልጥ፣ ሌላው ዘመናዊ።

የጥንቱ ሌንስ መስታወቶች ሽፋን የላቸውም። ሽፋን የሌለው መስታወት በእያንዳንዱ ገጹ ከብርሃኑ 4 በመቶ ያህሉን ይመልሳል። ስድስት ገጽ ያለው ሌንስ አንድ አምስተኛውን ያጣል ማለት ነው። ከፊሉ ደግሞ ውስጥ ለውስጥ ተንጸባርቆ ፊልሙ ላይ እንደ ጉም ይበተናል። ለዚህ መድኃኒት የሆነውን ሽፋን አሌክሳንደር ስማኩላ በዛይስ ኩባንያ የፈለሰፈው በ1935 እ.ኤ.አ. ነው።

ታዲያ አሮጌውን ማን ይፈልገዋል? የሰው ፊት የሚያነሳ። ያ ጉም ጥላን ያለዝባል። በ1868 እ.ኤ.አ. ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን እንግሊዝ አገር ያነሳችውን የልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስን ፎቶ ያየ ይገባዋል። በእናቱ በእቴጌ ጥሩወርቅ በኩል የሰሜኑ ደጃዝማች ውቤ የልጅ ልጅ ነው። ፎቶው ዛሬ እንደምናውቀው ጥርት ያለ አይደለም፤ የ7 ዓመቱ ልጅ ሐዘን ግን ይታያል።

እኔም ይህን አስቤ እናቴን ነጭ ነጠላዋን እንደለበሰች ደጅ አስቀምጬ፣ ሰማዩን ከኋላዋ አድርጌ፣ በሁለቱም ሌንሶች አነሳኋት። በማግስቱ ደባርቅ ወጣሁ። በማለዳው ብርድ የአሮጌው ሌንስ ሸተር ሰነፈ፤ በአንድ ሰከንድ መዘጋት ሲገባው ቆይቶ ተዘጋ። የተራራው ፊልም ተቃጠለ። በአዲሱ ያነሳሁት ግን ገደል ከገደሉ ተለይቶ ወጣ።

ለፋሲካ ፎቶዎቹን አጥቤ ወሰድኩላት። በአሮጌው የተነሳውን፣ እኔ የወደድኩትን፣ አስቀደምኩ። አየችና፣

«ንቅሳቴስ?» አለችኝ።

አንገቷ ላይ ያለውን ንቅሳት የሰማዩ ነጸብራቅ በልቶታል።

«እማዬ፣ ይሄኛው እኮ ሽብሽብሽን ይቀንሰዋል» አልኳት።

«ልጄ፣ ሽብሽቡን ኖሬ ነው ያመጣሁት። ንቅሳቱን ያስነቀሰችኝ እናቴ ናት። ከእሷ የቀረኝ ይኸው ነው።»

በአዲሱ ሌንስ የተነሳውን መረጠች። ያረጀች እንዳትመስል የፈለግሁት ለካ ለራሴ ብዬ ነበር።

በኋላ በሩ ሥር፣ ሰማዩ ወደ ሌንሱ እንዳይገባ ከልዬ፣ በአሮጌው ደገምኩት። ንቅሳቱም ወጣ፤ ፊቷም ለዘበ። ጥፋቱ የእኔ አቀማመጥም ነበር ማለት ነው።

አሮጌ ሌንስ ለመግዛት የምታስቡ ካላችሁ በባትሪ አብርታችሁ ሻጋታ እንደሌለው እዩ፤ ሸተሩን በአንድ ሰከንድ ላይ ሞክሩት፤ ትንሽ ጭረት አያስፈራችሁ። አያት ወይም እናት ልታነሱ ከሆነ ግን አስቀድማችሁ ጠይቁ፦ «ምንሽ እንዲታይልሽ ትፈልጊያለሽ?»