የአኒሜ ሥዕልን ወደ ቬክተር መቀየር፦ ከየት ይጀመራል? ምን ያስወጣል?

ዲማ ከተማ ሆናችሁ የምትወዱትን የአኒሜ፣ ማለትም የጃፓን ካርቱን፣ ገጸ ባሕርይ በቲሸርት ወይም በባጃጅ ላይ ማየት ፈለጋችሁ እንበል። ሥዕሉ ስልክ ላይ ያምራል፤ ተልቆ ሲታተም ግን ጠርዙ ይሻክራል። ለምን?

ስልካችሁ ላይ ያለው ሥዕል ፒክስል ከሚባሉ ጥቃቅን ባለቀለም አራት ማዕዘኖች የተሠራ ነው። ወርዱ 1000 ፒክስል የሆነ ሥዕል 1 ሜትር ባነር ላይ ሲለጠጥ አንዱ ፒክስል 1 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ይህ ደግሞ ቀረብ ብሎ ለሚያየው ሰው በግልጽ ይታያል።

ቬክተር ሥዕልን የሚይዘው በሌላ መንገድ ነው። ነጥቦችን ያስቀምጣል፤ በነጥቦቹ መካከል ያለውን መስመር ደግሞ በስሌት ያወጣዋል። ሥዕሉ ሲተልቅ ስሌቱ እንደገና ይሠራል። ስለዚህ አንዱ ፋይል ለትንሽ ስቲከርም ለግድግዳም ያገለግላል።

ምን ያስወጣል? ኢንክስኬፕ የሚባለው የቬክተር መሣያ ፕሮግራም ከወጣበት ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነጻ ነው። ማውረዱ ከ100 ሜጋባይት በላይ ዳታ ይፈጃል። ነገር ግን አንድ ሰው ካወረደው ለሌላው በፍላሽ ይሰጣል፤ ከተጫነ በኋላም ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ኢሉስትሬተርን የመሳሰሉት ሌሎች ፕሮግራሞች ግን በየወሩ ወይም በየዓመቱ ይከፈልባቸዋል። ከኮምፒዩተሩ ሌላ የሚያስፈልጋችሁ ማውዝ ነው። ትልቁ ወጪ ጊዜ ነው፤ የመጀመሪያው ፊት ብቻ ሰዓታት ሊወስድ ይችላል። መብራት ቢጠፋ ልፋታችሁ እንዳይባክን ቶሎ ቶሎ ሴቭ አድርጉ።

አሁን እንጀምር። ሥዕሉን ፕሮግራሙ ውስጥ አስገቡና ድምቀቱን በግማሽ ቀንሱ። ከዚያ እንዳይንቀሳቀስ ቆልፉት። በላዩ ሁለት ሌየር፣ ማለትም እንደ ብርሃን አሳላፊ ወረቀት የሚደረቡ ንጣፎች፣ ክፈቱ። የታችኛው ለቀለም፣ የላይኛው ለመስመር ይሁን።

ፔን የሚባለውን መሣሪያ ያዙና ከፊቱ ጠርዝ ጀምሩ። ነጥብ የሚቀመጠው መስመሩ አቅጣጫ በሚቀይርበት ቦታ ብቻ ነው። ከአንዱ ጆሮ እስከ ሌላው ያለው የፊት መስመር በ5 ነጥብ ያልቃል፤ ሁለቱ ጫፎቹ ላይ፣ ሁለቱ ጉንጮቹ ላይ፣ አንዱ አገጩ ላይ። ከየነጥቡ የሚወጣውን እጀታ በመስመሩ አቅጣጫ ሳቡ። ርዝመቱ እስከሚቀጥለው ነጥብ ካለው ርቀት ሲሶ ያህል ቢሆን ጥሩ ጉብጠት ይሰጣል። ነጥብ ሲበዛ መስመሩ ይንቀጠቀጣል።

የአኒሜ ዓይን እንዴት ይሠራል? የላይኛው ሽፋሽፍት መሐሉ ወፍሮ ጫፉ ስለሚቀጥን ውፍረቱ እኩል በሆነ መስመር አይወጣም። ዙሪያውን ዘግታችሁ እንደ ቅርጽ ሳሉትና ጥቁር ሙሉት። ቀጥሎ ባለቀለሙን ክብ፣ በላዩ ጥቁሩን ብሌን፣ ከሁሉም በላይ ነጩን ነጸብራቅ አስቀምጡ። ፀጉሩንም ዘለላ በዘለላ ለዩት፤ የኋላው ከታች፣ የግንባሩ ከላይ ይሁን።

ለቀለም ሁለት ደረጃ ይበቃል፤ አንዱ ዋናው፣ ሌላው ጠቆር ያለው ጥላ። ቀለሙ ከመስመሩ ሥር ትንሽ ይግባ፤ አለበለዚያ ሲታተም ነጭ ክፍተት ይታያል።

ፕሮግራሙ ራሱ አይሠራልኝም? ይሠራል፤ ምስሉን በራሱ የሚቀይር ትእዛዝ አለው። ለጥቁርና ነጭ ምልክት ጥሩ ነው። ጥላ የበዛበትን አኒሜ ግን በሺህ በሚቆጠሩ ነጥቦች ይሞላዋል። ያኔ አሮጌ ኮምፒዩተር ይንቀራፈፋል፤ ስቲከር የሚቆርጠው ማሽንም ይቸገራል።

ስትጨርሱ ዋናውን ፋይል በኤስቪጂ አስቀምጡ። ለማተሚያ ቤት ፒዲኤፍ፣ ለቴሌግራም ፒኤንጂ ስጡ። ለስቲከር ከሆነ መስመሮቹን አስቀድማችሁ ወደ ቅርጽ ቀይሯቸው፤ አለበለዚያ ማሽኑ የመስመሩን መሐል ተከትሎ ሊቆርጥ ይችላል።

መሸጥስ እችላለሁ? የሌላ ሰው ገጸ ባሕርይ መለማመጃ ይሁናችሁ እንጂ ሸቀጥ አታድርጉት። አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራን የማባዛትና የመለወጥ መብት የሚሰጠው ለሥራው አመንጪ ነው። የራሳችሁን ስትፈጥሩ ይህ መብት የእናንተ ይሆናል። ኢታን ኮሚክስ የተባለው አሳታሚ በ2018 እ.ኤ.አ. ያወጣው «ጀምበር» የተባለ የኮሚክ መጽሐፍ ኢትዮጵያዊ ጀግና በሥዕል ታሪክ ሊወጣ እንደሚችል አሳይቷል።

ስለዚህ እጃችሁ ሲፍታታ የወንድማችሁን ወይም የእህታችሁን ፎቶ አስፈቅዳችሁ ከሥር አስቀምጡ። ዓይኑን አተልቁት፤ ሹሩባውን ዘለላ በዘለላ ሳሉት። ለገበያ የምታወጡት ቲሸርት ከዚህ ይጀምር።