ሳሎን ሱቅ ሲሆን፦ ከጣና ዳር እስከ ፒያሳ

ስለ ጥንታዊ ቤቶች ሲወራ ባሕር ዳር ቀድማ አትጠቀስም። በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ የጀስዊት ሚስዮናዊው የፔድሮ ፓኤዝ ሥራ ነው የሚባል የድንጋይ ሕንፃ አለ፤ ከተማዋ ግን የከተማ መልክ የያዘችው ከጣሊያን ወረራ ወዲህ፣ ይልቁንም ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውና ፖሊቴክኒኩ በ1950ዎቹ ከተተከሉ በኋላ ነው። ስለዚህ የባሕር ዳር ነባር ቤት ባብዛኛው ጭቃ ቤት ነው፦ የባሕር ዛፍ ቋሚና ማገር፣ ጭድ የገባበት ምርጊት፣ የቆርቆሮ ክዳን፣ ከፊት በረንዳ።

ይህ ቤት ወደ ሱቅ ሲለወጥ መጀመሪያ የሳሎኑ መስኮት ወደ ታች ተቀዶ በር ይሆናል። ቀጥሎ በረንዳው በብሎኬት ይዘጋና መደርደሪያ ይገባበታል። ትልቁ ጥፋት ይህ ይመስለኛል። ግድግዳውን ከጣና ዳር ፀሐይና ከክረምቱ ዝናብ የሚጋርደው በረንዳው ነበር፤ ሲዘጋ ውስጠኛው ክፍል ይጨልማል፣ ይታፈናል፤ መንገደኛም መጠለያ ያጣል። በመጨረሻ የሲሚንቶ ልስን ይመጣል። ጭቃ እርጥበት ይስባል፣ መልሶም ያወጣል፤ ሲሚንቶ ግን እርጥበቱን ውስጥ ያስቀረዋል፣ እንጨቱም ከውጭ ሳይታይ ይበሰብሳል።

ጎንደር ፒያሳ የተለየ ነው። በሲኒማ ቤቱና በፖስታ ቤቱ ዙሪያ ያሉት የጣሊያን ዘመን የንግድ ሕንፃዎች ከመነሻቸው ለሱቅ የታሰቡ ስለሆኑ ንግዱ አላፈረሳቸውም፤ መልካቸውን የሚሸፍነው ማስታወቂያ ሰሌዳ ነው። ሐረር ውስጥ ደግሞ የጌይ ጋር (የሐረሪዎች ባህላዊ ቤት) ፊቱ ወደ ግቢው ስለሆነ፣ መኪና ግርግር በሚባለው ጎዳና ልብስ ሰፊዎቹ ደጅ ላይ ሲሠሩ የቤቱ ልብ ሳይነካ ይቆያል። የአዲስ አበባው ፒያሳ ግን በሰገነታቸው የሚታወቁ ብዙ የእንጨትና የጭቃ ቤቶቹን በ2016 ዓ.ም. አጥቷል።

ለቤቶቹ መጎዳት ከነጋዴው ይልቅ ሕጉን እጠይቃለሁ። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤቶች ተወረሱ፤ ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበረው ለቀበሌ ተላለፉ። ኪራዩ ለጥገና አይበቃም፤ ተከራዩም የእርሱ ላልሆነ ጣሪያ ገንዘብ አያወጣም። ገቢ የሚያመጣለትን የፊቱን ክፍል ብቻ ያድሳል፣ ጓዳው ይፈርሳል።

ጭቃ ቤትን ሳይጎዱ ሱቅ ማድረግ ግን ይቻላል። በሩ ከመስኮቱ ስፋት ሳያልፍ ከተከፈተ በላይ ያለው ጉበን ሸክሙን እንደያዘ ይቀጥላል። ምርጊቱ በጭቃ ይታደሳል፣ በኖራም ይቀባል። በረንዳው ክፍት ሆኖ ዕቃ ይዘረጋበታል፤ ገዢም ከዝናብ ይጠለልበታል።